አንደኛው ቡድን ወይስ ሁለተኛው? በአሜሪካ የልጆች እግር ኳስ ምርጫ እንዴት ይመዘናል

ትራያውት (ለቡድን መምረጫ የሚደረገው ሙከራ) ካለቀ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ማታ ላይ ኢሜይል ይገባል። «እንኳን ደስ አላችሁ፤ ልጃችሁ ለነጩ ቡድን ተመርጧል» ይላል። ነጩ ስንተኛ ቡድን እንደሆነ ግን አይናገርም። ብዙ ክለቦች ቡድኖቻቸውን በቀለም ስለሚጠሩ ቀዩ አንደኛ፣ ነጩ ሁለተኛ፣ ሰማያዊው ሦስተኛ መሆኑን የሚያውቀው እዚያ ክለብ የቆየ ወላጅ ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ቀብድ ካልተከፈለ ቦታው ለሌላ ልጅ እንደሚሰጥ፣ ቀብዱም እንደማይመለስ ተጽፏል። በዚያው ሳምንት ከሌላ ክለብ ጥሪ ይመጣል። ክለቡ ትንሽ ነው፣ ስሙም እምብዛም አይታወቅም፤ ልጁን የሚፈልገው ግን ለአንደኛ ቡድኑ ነው።

ወላጅ በሁለት ቀን ውስጥ ዓመት ሙሉ አብሮት የሚኖር ውሳኔ እንዲወስን ይጠየቃል። ጊዜው ስለሚያጥር አብዛኛው ሰው የሊጉን ስም አይቶ ይወስናል። ከስሙ በፊት መመዘን ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ ልጁ በጨዋታ ላይ የሚያገኘው ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከፊቱ የሚቆመው አሰልጣኝ፣ ቤተሰቡ ሳይጎዳ ሊሸከመው የሚችለው ጉዞና ወጪ።

ሊጎቹ እንዴት ተደራጁ

የእኛ ሰው ሊግ ሲባል የሚታየው መሰላል ነው፤ ያሸነፈ ይወጣል፣ የተሸነፈ ይወርዳል። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት እንደ ኤን ሲ ኤስ ኤል እና ኢ ዲ ፒ ባሉ ሊጎች ውስጥ ይህ በከፊል ይሠራል፤ ቡድን በውጤቱ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ይዛወራል። ከላይ ያሉት ትልልቅ ሊጎች ግን በር የሚከፍቱት ለክለብ ነው። ክለቡ ያመለክታል፤ ሊጉ ሜዳውን፣ አሰልጣኞቹንና በየዕድሜው ያሉትን ቡድኖች አይቶ ይቀበለዋል ወይም ይመልሰዋል። ስለዚህ አባል ያልሆነ ክለብ ውስጥ ያለ ጠንካራ ቡድን፣ የትልቁን ሊግ አርማ እጅጌው ላይ የለጠፈውን ቡድን ቢያሸንፍም በቦታው አይተካም። አርማው ስለ ክለቡ ብዙ ይናገራል፤ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ አሰልጣኝ ስር ስላሉት 18 ልጆች የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

ስሞቹ ለምን እንደበዙ ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ይጠቅማል። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2007 ዴቨሎፕመንት አካዳሚ የሚባል የወንዶች ሊግ ከፈተ፣ በ2017 የሴቶቹን ጨመረ፣ በኤፕሪል 2020 ሁለቱንም ዘጋቸው። በዚያው ዓመት ለወንዶቹ ኤም ኤል ኤስ ኔክስት፣ ለሴቶቹ ገርልስ አካዳሚ ተቋቋሙ። ኢ ሲ ኤን ኤል የሚባለው ደግሞ ከ2009 ጀምሮ የሴቶች፣ ከ2017 ጀምሮ የወንዶችም ሊግ ሆኖ በጎን ነበረ። ከእሱ ስር ኢ ሲ ኤን ኤል ሪጅናል ሊግ አለ፤ ብዙ ክለቦች ሁለተኛ ቡድናቸውን የሚያሰልፉት እዚያ ነው። ኤም ኤል ኤስ ኔክስትም ከ2025-26 የውድድር ዘመን ጀምሮ ሆምግሮውን እና አካዳሚ በሚባሉ ሁለት ክፍሎች ተከፍሏል። ስለዚህ አንድ ሰው «ልጄ ኤም ኤል ኤስ ኔክስት ነው» ሲላችሁ የትኛው ክፍል እንደሆነ ካልጠየቃችሁ ምንም አላወቃችሁም ማለት ነው።

እነዚህ ሊጎች የሚጀምሩት ከ13 ዓመት በታች ባለው እርከን ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆነውን ልጅ «ለኤሊት ሊግ የሚዘጋጅ ቡድን» ብሎ የሚጠራ ክለብ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ስላለው ቦታ ዛሬ ቃል ሊገባ አይችልም። በ13 ዓመት ትራያውት ከሌላ ክለብ የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ሜዳው ሲሰፋና ተጫዋቹ ወደ 11 ከፍ ሲል አሰልጣኙ የሚፈልገው ነገር ይለወጣል። «ኤሊት»፣ «ፕሪሚየር»፣ «ሴሌክት»፣ «አካዳሚ» የሚሉትን ቃላት ማንም ክለብ ያለ ማንም ፈቃድ ቡድኑ ላይ ሊለጥፍ እንደሚችልም እወቁ።

ደቂቃውን ቁጠሩ

ከ13 እና ከ14 ዓመት በታች ጨዋታ ሁለት ጊዜ 35፣ በድምሩ 70 ደቂቃ ነው። ግብ ጠባቂው አብዛኛውን ጊዜ ስለማይቀየር የሚከፋፈለው የ10 ልጆች ጊዜ፣ ማለትም 700 ደቂቃ ነው። 18 ልጅ ባለበት ሮስተር (የቡድኑ ተጫዋቾች ዝርዝር) ግብ ጠባቂው ሲቀነስ 17 ይቀራሉ። እኩል ቢካፈሉ ለእያንዳንዱ 41 ደቂቃ ይደርሰዋል። እኩል ግን አይካፈሉም። ለነጥብ የሚጫወት ቡድን አሰልጣኝ ጠንካራ የሚላቸውን ሰባት ልጆች ከ60 ደቂቃ በላይ ያቆያቸዋል፤ የቀረውን አሥሩ ይሻሙበታል፤ ከመጨረሻዎቹ ሦስቱ ለእያንዳንዳቸው 12 ወይም 15 ደቂቃ ይደርሳቸዋል፤ ያም ውጤቱ ቀድሞ ከለየ ነው። ሮስተሩ 22 ሆኖ ለአንድ ጨዋታ መልበስ የሚችሉት 18 ብቻ ከሆኑ ደግሞ በየሳምንቱ አራት ልጆች ማሊያ ሳይለብሱ ይውላሉ።

በ20 ጨዋታ አስቡት። በየጨዋታው 15 ደቂቃ የሚያገኝ ልጅ ዓመቱን ሙሉ 300 ደቂቃ፣ ማለትም አምስት ሰዓት ይጫወታል። ያው ልጅ በሁለተኛው ቡድን 55 ደቂቃ ቢያገኝ 1,100 ደቂቃ፣ ከ18 ሰዓት በላይ ይሆናል። በታችኞቹ ዕድሜዎች ስሌቱ ትንሽ ይለያል፤ ከ9 እና ከ10 ዓመት በታች በ7 ልጅ 50 ደቂቃ፣ ከ11 እና ከ12 ዓመት በታች በ9 ልጅ 60 ደቂቃ ይጫወታሉ። የዘጠኙ ቡድን ሮስተር እስከ 16 ይደርሳል። በዚህ ዕድሜ ስንት ልጅ እንደተያዘ መጠየቅ ከሁሉ የሚቀድም ጥያቄ ነው። ለዘጠኝ ልጅ ጨዋታ 16 የመዘገበ ክለብ ሰባት ልጆች ከውጭ እንደሚቆሙ አውቆ ነው የመዘገበው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ችላ እንዳይባል። ሦስት ልምምድ፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ፣ በ40 ሳምንት ሲባዛ 180 ሰዓት ይሆናል። በጨዋታ ላይ ያለው የ13 ሰዓት ልዩነት ከዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ስለዚህ ከአንደኛው ቡድን መጨረሻ ላይ ያለ ልጅ፣ ልምምዱ በእርግጥ የተሻለ ከሆነ፣ ተጠባባቂ ሆኖም ሊያድግ ይችላል። ጥያቄው ልምምዱ በእርግጥ የተሻለ ነው ወይ የሚለው ነው፤ ይህን ደግሞ በዓይን አይቶ ማወቅ ይቻላል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ያ አሰልጣኝ አሁን ያለውን ቡድን ሲያሰለጥን ሄዳችሁ ተመልከቱ። ሙሉውን ማየት አያስፈልግም፤ 20 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ልጅ ምረጡና ኳስ በነካ ቁጥር ቁጠሩ። በሰልፍ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ፣ ተራው ሲደርስ አንዴ ወደ ግብ መትቶ ተመልሶ ሰልፉ ጫፍ የሚሄድ ከሆነ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ አሥር ጊዜ ያህል ቢነካ ነው። በትንሽ ሜዳ አራት ለሁለት ሆነው ኳስ የሚነጣጠቁ ልጆች በዚያው ጊዜ ውስጥ በቀላሉ ከ100 ያልፋሉ፤ ያንን ሁሉ ጊዜ ተጋጣሚ እያዩ፣ እያሰቡ ነው የሚነኩት። ቀጥሎ የልምምዱን መጨረሻ እዩ። ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ ሲጫወት ቋሚዎቹ በአንድ ወገን፣ የቀሩት በሌላው ወገን ቢብ (የመለያ ሰደርያ) ለብሰው «የሚጫወቱላቸው» ከሆነ፣ የመጨረሻዎቹ ልጆች ልምምዱ ላይም ተጠባባቂ ናቸው። አሰልጣኙ ሲቀያይጣቸው ካያችሁ ግን እዚያ ያለ ደካማ ልጅ ከጠንካራው ጋር አብሮ እየሠራ ነው፤ ይህ ቡድን ትንሽ ደቂቃ ቢሰጥም ይታሰብበታል።

ከላይ የሚበላሸው፣ ከታች የሚበላሸው

ከደቂቃው ሌላ የሚጎዳ ነገር አለ፤ ቦታው። በቀድሞ ቡድኑ መሃል ሜዳ የሚጫወት፣ ኳስ ተቀብሎ ዞሮ የሚያቀብል ልጅ ወደ ላይኛው ቡድን ሲሄድ ብዙ ጊዜ ወደ መስመር ይገፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሃል ላይ የተነጠቀ ኳስ ወዲያው ጎል ሊሆን ይችላል፣ መስመር ላይ የተነጠቀ ግን ለውርወራ ይወጣል። አሰልጣኙ ያላመነውን ልጅ ስህተቱ ዋጋ ከማያስከፍልበት ቦታ ያስቀምጠዋል። ልጁም ኳስ በመጣ ቁጥር ቶሎ የማራቅ ልማድ ይይዛል። ዓመት ሲሞላ ወላጁ «ልጄ የቀድሞ ጨዋታው ጠፋ» ይላል። ልጁ የተማረው ላለመሳሳት ሲባል ኳስን መፍራት ነው።

ከታችም የሚበላሽ አለ፣ እሱንም በግልጽ መናገር ይገባል። በደካማ ቡድን ውስጥ ያለ ጎበዝ ልጅ አምስት ሰው እያለፈ ጎል ያስቆጥራል፣ ሁሉም ያጨበጭብለታል። የሚያቀብለው ሰው ኳሷን ስለማይመልስለት ማቀበል ይተዋል። ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ አያስፈልገውም፣ ምክንያቱም ፍጥነቱ ብቻ ይበቃዋል። በ14 ዓመቱ ሌሎቹ በቁመትና በፍጥነት ሲደርሱበት የቀረው ነገር ትንሽ ነው። በተከታታይ አራት አምስት ጨዋታ ያለ ብዙ ድካም ጎል እየደረደረ የሚወጣ ልጅ፣ ቦታው ከዚያ ከፍ ያለ ቡድን ነው።

ለመለካት አንድ ቀላል መንገድ አለ። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ልጁ ኳስ ካገኘ በኋላ ምን እንዳደረገ መዝግቡ፤ ያዘ ወይም በትክክል አቀበለ፣ አልያም ተነጠቀ። ከአሥር ዘጠኙን ያለ ጫና የሚያሳካ ከሆነ ሜዳው ቀሎታል። ከአሥር ስድስቱን ወይም ሰባቱን የሚያሳካ፣ ሌላውን እየታገለ የሚያጣ ከሆነ ትክክለኛ ቦታው ነው። ከግማሽ በላይ የሚያጣ ወይም ጭራሽ ኳስ የማይጠይቅ ከሆነ ደግሞ ከዓቅሙ በላይ ያለ ሜዳ ላይ ነው። ቁጥሩ ሕግ አይደለም፤ ከጩኸትና ከጭብጨባ ይልቅ የሚታመን ነገር በእጃችሁ እንዲኖር ነው። ሁለት ሦስት ጨዋታ ላይ ብታደርጉት ይሻላል፤ አንድ ቀን ሆዱን ያመመው ልጅ በአንድ ጨዋታ አይፈረድበትም።

በእኛ አስተያየት ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደቂቃና አሰልጣኝ ከሊግ ስም በብዙ ይበልጣሉ። በ13 እና በ14 ዓመት ሚዛኑ ይጠባል። ከ15 ዓመት ጀምሮ ኮሌጅ ውስጥ መጫወት ለሚፈልግ ልጅ የሊጉ ስም እውነተኛ ጥቅም ይኖረዋል፣ ምክንያቱም የኮሌጅ አሰልጣኞች ጊዜያቸው ውስን ስለሆነ በአንድ ቦታ ብዙ ጠንካራ ቡድን የሚሰበሰብበት ዝግጅት ላይ ይገኛሉ።

ቁመት፣ የልደት ወርና ሁለተኛ ቡድን

ብዙ ልጅ ሁለተኛ ቡድን የሚገባው በችሎታው ሳይሆን በአጥንቱ ዕድሜ ነው። ሴት ልጆች በአማካይ በ11 እና 12 ዓመት፣ ወንዶች በ13 እና 14 ዓመት ገደማ በፍጥነት ያድጋሉ፤ ግን አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ሁለት ዓመት ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሜዳ ላይ ጢም ማብቀል የጀመረ ልጅና ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። በትራያውት አንድ ሰዓት ውስጥ ዓይን የሚስበው ትልቁ ነው። በዕድሜ እርከኑ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች በምርጥ ቡድኖች ውስጥ ከድርሻቸው በላይ እንደሚገኙ በብዙ አገር ታይቷል።

አሁን ደግሞ የመቁጠሪያው ቀን ተቀይሯል። ለዓመታት እርከኑ ከጃንዩዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነበር። ዩ ኤስ ዩዝ ሶከር፣ ዩ ኤስ ክለብ ሶከርና ኤ ዋይ ኤስ ኦ ከ2026-27 ጀምሮ ከኦገስት 1 እስከ ጁላይ 31 እንዲሆን ወስነዋል። በሴፕቴምበር 2014 የተወለደ ልጅ እስከ ዛሬ ከቡድኑ ትንንሾቹ አንዱ ነበር፤ በአዲሱ አቆጣጠር ከትልልቆቹ አንዱ ይሆናል። በጁላይ የተወለደው ከመሃል ወደ መጨረሻ ይወርዳል። ያለፈው ዓመት ደረጃ ለመጪው ዓመት ጥሩ መለኪያ አይሆንም ማለት ነው። ሁሉም ሊግ አንድ ዓይነት ደንብ ላይከተል ስለሚችል የእናንተ ሊግ የትኛውን እንደሚጠቀም ክለቡን ጠይቁ።

አሰልጣኙን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፤ «ልጄን ከአንደኛው ቡድን ያስቀረው ምንድን ነው?» መልሱ ስለ ፍጥነትና ስለ ጉልበት ከሆነ ሁለተኛው ቡድን ላይ መቆየት ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ አካሉ እስኪደርስ ድረስ ኳስ እየነካ ይቆያል። መልሱ «የመጀመሪያ ንክኪው ይርቃል» ወይም «በግራ እግሩ አይጠቀምም» ከሆነ ግን ቁመት አይፈውሰውም፤ በግድግዳ ላይ በቀን 15 ደቂቃ የሚሠራ የቤት ሥራ ነው። «ሁሉም ጎበዝ ነው፣ ውድድሩ ከባድ ነበር» የሚል መልስ ደግሞ ልጁን በደንብ እንዳላዩት ያመለክታል።

በዚህ የዕድገት ጊዜ ተረከዝና ከጉልበት በታች ያለው አጥንት የሚያማቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ሕመሙ እያደገ ያለው አጥንት በጅማት ከመጎተቱ የሚመጣ ነው፤ «ስንፍና» አይደለም፣ በግድ እንዲሮጥ ማድረግም ያባብሰዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ልጆች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ከስፖርቱ እንዲያርፉ፣ በዓመትም በድምሩ ሦስት ወር ያህል ከዚያ ከአንድ ስፖርት እንዲርቁ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን ልምምድ፣ ቅዳሜና እሑድ ጨዋታ የሚጠይቅ ቡድን የስሙ ትልቅነት ይህን አይቀይረውም። ሴት ልጅ ካለቻችሁ ደግሞ የጉልበት የፊት መስቀል ጅማት የመበጠስ አደጋዋ ከወንዶቹ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ቡድኑ ከልምምድ በፊት 20 ደቂቃ ገደማ የሚወስደውን ፊፋ 11 ፕላስ ወይም መሰል ማሟሟቂያ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ይሠራል ከተባላችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ሄዳችሁ እዩ።

ወጪው

በዋሽንግተን አካባቢ የትራቬል ቡድን (በትራያውት ተመርጦ፣ እየተጓዘ ከሌሎች ክለቦች ጋር የሚወዳደር ቡድን) የዓመት ክፍያ ብዙ ጊዜ ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። ያ ቁጥር ግን መነሻ ነው። ማሊያና የልምምድ ልብስ ለብቻ ይከፈላል። የቶርናመንት መግቢያና የአሰልጣኙ የጉዞ ወጪ ለወላጆች ይካፈላል። አንዳንድ ቶርናመንት ቡድኑ እሱ በወሰነው ሆቴል ካላደረ አያስገባም፤ ዘመድ ቤት ማደር አይፈቀድም። የላይኛው ሊግ ቡድን ከቨርጂኒያ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ወይም ወደ ኒው ጀርሲ ሊጓዝ ይችላል፤ ሁለተኛው ቡድን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ባልሞላ መንገድ ይጫወታል።

መንገዱን በማይል አስሉት። ሜዳው 25 ማይል የሚርቅ ከሆነ ደርሶ መልስ 50፣ በሳምንት ሦስት ቀን 150፣ በ40 ሳምንት 6,000 ማይል ነው። በጋሎን 25 ማይል የሚሄድ መኪና 240 ጋሎን ይፈጃል፤ ጋሎኑ 3.50 ዶላር ቢሆን 840 ዶላር፣ ጨዋታዎቹ ሳይቆጠሩ። ከገንዘቡ ይልቅ ግን ሰዓቱ ይከብዳል። አባት ማታ ታክሲ የሚነዳ፣ እናት በሆስፒታል ፈረቃ የምትሠራ ከሆነ፣ ከ6፡00 እስከ 7፡30 ፒ ኤም ያለውን ልምምድ የሚያደርሰው ማን ነው? ታናሽ እህቱ በየሳምንቱ ዘጠኝ ሰዓት መኪና ውስጥ ትቀመጣለች ወይ? ይህን በወረቀት ላይ፣ ቀን በቀን፣ የሚያደርሰውን ሰው ስም ጽፋችሁ እዩት። የሐሙስ ቦታ ባዶ ከቀረ፣ በኦክቶበር ያ ልጅ ሐሙስ ሐሙስ ይቀራል፤ የቀረ ልጅ ደግሞ ቅዳሜ አይሰለፍም።

ጨዋታው ቅዳሜ ይሁን እሑድ ቀድሞ መጠየቅ ይገባል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ያለው ቤተሰብ፣ የሚጾም ልጅ ያለው ቤት፣ ረመዳን ላይ ማታ ልምምድ የሚኖረው ልጅ ለአሰልጣኙ በመጀመሪያው ሳምንት ቢናገር አብዛኞቹ ያመቻቻሉ። በውድድሩ መሃል ሲነገር ግን እንደ መቅረት ይቆጠራል።

ብዙ ክለቦች የክፍያ እርዳታ አላቸው፤ ማመልከቻው ግን የሚዘጋው ቀደም ብሎ፣ አንዳንዴም ከትራያውት በፊት ነው። የገቢ ግብር ወረቀት ይጠየቃል። እርዳታው በምስጢር ስለሚያዝ ሌላ ወላጅ አያውቅም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የእርዳታውን መልስ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ እርዳታው ጉዞንና ማሊያን ይጨምር እንደሆነም ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ አይጨምርም። የኤም ኤል ኤስ (የአሜሪካ ከፍተኛው የወንዶች ፕሮፌሽናል ሊግ) ክለቦች የራሳቸው አካዳሚዎች አብዛኞቹ ተጫዋቹን አያስከፍሉም። በዚያው ሊግ ውስጥ የሚጫወቱ ሌሎች ክለቦች ግን ያስከፍላሉ፤ ሁለቱ እንዳይምታቱባችሁ።

አሰልጣኙን ምን ብሎ መጠየቅ

የእኛ ሰው መምህርንና አሰልጣኝን ማክበር ስላደገበት ጥያቄ መደርደር እንደ ድፍረት ይታየዋል። እዚህ አገር ግን ጥያቄ ያልጠየቀ ወላጅ ሁሉንም እንደተስማማ ይቆጠራል። በትሕትና፣ በኢሜይል ወይም በቀጠሮ መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም። ከጨዋታ በኋላ ወዲያው፣ በሜዳ ዳር፣ በልጁ ፊት ግን አይሁን፤ ብዙ ክለቦች ወላጅ ከጨዋታ በኋላ 24 ሰዓት ሳይሞላ አሰልጣኝን እንዳያነጋግር ደንብ አላቸው።

ሮስተሩ ስንት ልጅ ይሆናል? ልጄን የት ቦታ ታስቡታላችሁ? ዛሬ ቢሰለፍ ከቋሚዎቹ ነው ወይስ ከተጠባባቂዎቹ? በዚህ ዕድሜ ዝቅተኛ የጨዋታ ደቂቃ ዋስትና አለ? ይህንኑ ቡድን በኦገስት የሚያሰለጥነው እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላ ሰው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ወላጁ በትራያውት ላይ ባየው አሰልጣኝ ተማርኮ ፈርሞ፣ በጋው ሲያልቅ ሌላ ሰው ሜዳ ላይ ማግኘቱ የተለመደ ነገር ነው።

በትልቅ ክለብ ሁለተኛ ቡድን ለተመረጠ ልጅ ሌላ ሁለት ጥያቄ አለ። ባለፈው ዓመት ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ስንት ልጅ ወጣ? በወቅቱ መሃል ልጁ በሳምንት አንድ ቀን ከአንደኛው ጋር መለማመድ ወይም ለጨዋታ በእንግድነት መጠራት ይችላል? መልሱ ቁጥር ከሆነ በሩ ክፍት ነው። «ሁልጊዜ እንከታተላለን» የሚል ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ቡድን የራሱ ዓለም ነው፤ የትንሹ ክለብ አንደኛ ቡድን ይሻላል ብለን እንመክራለን። የሁለተኛ ቡድን ልጅ ብዙ ጊዜ ከአንደኛው ጋር እኩል ይከፍላል። ስለዚህ ተመሳሳይ የልምምድ ቀን፣ ተመሳሳይ ሜዳና ብቃት ያለው አሰልጣኝ መጠየቅ መብቱ ነው።

ከውጭ አገር በቅርብ ለመጣ ልጅ አንድ ማሳሰቢያ። 10 ዓመት የሞላውና በሌላ አገር የተወለደ ተጫዋች ለመመዝገብ በፊፋ ደንብ መሠረት ዓለም አቀፍ ማረጋገጫ ሊጠየቅ ይችላል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ መጫወት አይችልም። ጉዳዩን የሚይዘው የክለቡ ሬጅስትራር የሚባለው ሠራተኛ ስለሆነ በተመረጠ ዕለት ጻፉለት። የልደት ምስክር ወረቀቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ የተጻፈ ከሆነም በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተረጋገጠ ትርጉም ይዘጋጅ፤ ቀኑ ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ቀን ቢለያይ እንኳ ምዝገባው ሊቆም ይችላል።

ስኮላርሺፕ

ብዙ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ወጪ የሚሸከመው ስኮላርሺፕ ይመጣል ብሎ ነው። በዲቪዥን አንድ (በከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት እርከን) የወንዶች እግር ኳስ ቡድን ለዓመታት የነበረው የስኮላርሺፕ ጣሪያ 9.9 ነበር፣ የሴቶቹ 14። 9.9ኙ ሃያ ለሚበልጡ ወንዶች ስለሚከፋፈል ሙሉ የሚያገኘው ጥቂት ነበር። ከ2025-26 ጀምሮ አዲሱን ሥርዓት በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ቁጥር ጣሪያው ተነሥቶ የቡድኑ መጠን በ28 ተጫዋች ተወስኗል። ጣሪያው ተነሣ ማለት ግን ትምህርት ቤቱ ገንዘቡን ይሰጣል ማለት አይደለም። ዲቪዥን ሦስት ለስፖርት ስኮላርሺፕ ጨርሶ አይሰጥም፤ የሚሰጠው በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ ገቢ ነው። የዲቪዥን አንድ አሰልጣኝ ልጁን በቀጥታ ማነጋገር የሚችለውም 10ኛ ክፍል ካለቀ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ለ11 ዓመት ልጅ «ኮሌጆች ያዩታል» ብሎ ቡድን የሚሸጥ ሰው ይህን ያውቃል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቡድንም ይታሰብ። ኢ ሲ ኤን ኤልና ገርልስ አካዳሚ ልጁ ለትምህርት ቤቱ እንዲጫወት ይፈቅዳሉ፤ የኤም ኤል ኤስ ኔክስት የላይኛው ክፍል፣ ሆምግሮውን፣ ግን በአጠቃላይ አይፈቅድም። ከጎረቤት ልጆች ጋር በትምህርት ቤቱ ማሊያ መጫወት ለልጁ ትልቅ ነገር ከሆነ፣ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሳይሆን አሁን ይነገረው።

ልጁ ራሱ

ልጁን «የትኛውን ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ እናንተ የምትፈልጉትን ይመልሳል። «ቅዳሜ ጠዋት ማሊያህን ስትለብስ ከየትኞቹ ልጆች ጋር መሆን ያስደስትሃል?» ብትሉት ሌላ መልስ ትሰማላችሁ። ከተወሰነ በኋላም የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንት ተከታተሉ። ሲገባ የሚሮጥ ልጅ ነው ወይስ ከመኪና ለመውረድ የሚዘገይ? ሐሙስ ሐሙስ ሆዱን የሚያመው፣ መጫሚያው ጠፋ የሚል፣ ከልምምድ በኋላ የሚናገረው ያጣ ልጅ በቃላት ያልተናገረውን እየነገራችሁ ነው።

ምርጫው ልክ ሳይሆን ቢቀር በመሃል መውጣት ይቻላል፤ ግን ቀላል አይደለም። ክለቡ ልጁን በጽሑፍ እንዲለቅ ይጠየቃል፣ የዓመቱ ክፍያ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይከፈላል፣ ሊጉም በወቅቱ መሃል ዝውውር የሚቀበልበት የተወሰነ ጊዜ አለው። በፎል መጨረሻ፣ በዲሴምበር፣ ከአሰልጣኙ ጋር ተቀምጦ «በስፕሪንግ ቦታው ምን ይሆናል?» ማለት ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ክለብ ውስጥ ወደ ሌላኛው ቡድን መዛወር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሆናል። ያልተቀበላችሁትን ክለብ አሰልጣኝም ዝም አትበሉት፤ በዚያው በ48 ሰዓት ውስጥ «ስለ ጥሪው እናመሰግናለን፤ በዚህ ዓመት ሌላ ቡድን መርጠናል» ብላችሁ ጻፉ። ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ፤ እናንተም በሚቀጥለው ሜይ ያንኑ በር ልታንኳኩ ትችላላችሁ።